የፕላዝማ መቁረጫ ጠረጴዛ በገዛ እጅ ስለ መሥራትና ልኩን ስለ ማስተካከል

የግቢ በር፥ የመስኮት ፍርግርግ፥ የደረጃ መደገፊያና የበረንዳ አጥር የሚሠሩ የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች በየሰፈሩ የሚገኙ መሆናቸው የታወቀ ነው። የእነዚህ ሥራ ቤቶች ደንበኛ ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ጠባዩን ለውጧል። ቀድሞ ስፋቱንና ቁመቱን ብቻ ነግሮ ይሄድ የነበረው ሰው፥ ዛሬ የእጅ ስልኩን አውጥቶ ከላሜራ ተፈልፍሎ የወጣ ሐረግ ወይም የጥልፍ ንድፍ እያሳየ «ይህን የመሰለ ይሁንልኝ» ይላል። ባለ ሥራ ቤቱም ከሁለት መንገድ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ወይ ንድፉን በጠመኔ ሥሎ በግራይንደር ሲፈለፍል ይሰነብታል፤ ወይም ላሜራውን አስጭኖ የመቁረጫ መሣሪያ ካላቸው ሰዎች ዘንድ ወስዶ ተራ ይጠብቃል። በመጀመሪያው መንገድ ጉልበትና ጊዜ ያልቃል፤ በሁለተኛው ደግሞ ከትርፉ ከፊሉን፥ ከዚያም የሚከፋው ለደንበኛው የሰጠውን ቀጠሮ፥ ለሌላ ሰው አሳልፎ ይሰጣል።

ስለዚህ በኮምፒዩተር የሚመራ የፕላዝማ መቁረጫ ጠረጴዛ በገዛ እጅ ልሥራ የሚል አሳብ በባለ ሥራ ቤቶች ልብ ቢያድር የሚያስደንቅ አይደለም። አሳቡም የሚነቀፍ አይደለም። ጠረጴዛውን ለማቆም የሚያስፈልገው ብየዳ፥ ብስና ብሎን ለበርና መስኮት ሠራተኛ እንግዳ ነገር አይደለምና። ነገር ግን የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከአንድ ባልደረባው ጋር ሆኖ ይህንኑ ሥራ ሞክሮ እንደ ተረዳው፥ ጠረጴዛውን ማቆም ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ክፍል ነው። ችግሩ የሚመጣው መሣሪያው መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ፥ ሠሪው በደስታ ተነሣሥቶ የደንበኛ ላሜራ የጫነበት ዕለት ነው።

እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ጠረጴዛችን በቆመ በሁለተኛው ሳምንት ለአንድ የግቢ በርና አጥር የሚሆኑ ስድስት ጌጠኛ ላሜራዎች ለመቁረጥ ቀብድ ተቀበልን። እያንዳንዱ 900 በ1,800 ሚሊሜትር ሆኖ፥ በጠርዙ ዙሪያ ካለው የብሎን ቀዳዳ ከቱቦላሬው ማቀፊያ ጋር እንዲታሰር የታሰበ ነበር። ማቀፊያው ቀድሞ ተበይዶ ቀለም ተቀብቷል። ስድስቱንም ላሜራ በአንድ ቀን ቆርጠን፥ በማግስቱ የመጀመሪያውን አንሥተን ማቀፊያው ላይ ብናስጠጋው፥ ከላይኛው እስከ ታችኛው ቀዳዳ 1,700 ሚሊሜትር መሆን የሚገባው ርቀት 1,726 ሆኖ ተገኘ። የተረፈውን ጠርዝ በግራይንደር ማስወገድ ይቻላል፤ ቦታውን የሳተ ቀዳዳ ግን በግራይንደር አይመለስም። ስድስት ባለ 2 ሚሊሜትር ላሜራ፥ በክብደት 188 ኪሎ ያህል ብረት፥ በአንድ ቀን ተበላሸ። ስሕተቱ የመሣሪያው አልነበረም፤ መሣሪያው ያዘዝነውን በትክክል ፈጽሟል። የስሕተቱን ምክንያት በቦታው ላይ እንገልጸዋለን።

አስቀድሞ ግን ስለ መሣሪያው አመጣጥ ጥቂት ማስታወስ ይገባል። ብረትን በፕላዝማ ቅስት የመቁረጥ ዘዴ የተገኘው በአሜሪካ የዩኒየን ካርባይድ ክፍል በነበረው በሊንዴ ኩባንያ ሲሆን፥ ሮበርት ጌጅ የተባለው ሠራተኛ የፈጠራ መብቱን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1957 ዓ.ም. ነው። ዘዴው በአጭሩ እንዲህ ነው፤ በጠባብ የመዳብ ቀዳዳ የሚያልፈው አየር በኤሌክትሪክ ቅስት እጅግ ይሞቅና ራሱ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ይሆናል፤ ሙቀቱም እስከ 20,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚደርስ ብረቱን አቅልጦ በግፊቱ ጠርጎ ያወጣዋል። መሣሪያን በቁጥር የመምራት ጥበብ ደግሞ ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የተጀመረ ነው። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በተበሳ ወረቀት የሚታዘዝ የብረት መፋቂያ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1952 ዓ.ም. ለሕዝብ አሳይቷል። ያን ጊዜ የመቆጣጠሪያው ዕቃ ብቻ ብዙ ቦታ የሚይዝ፥ ዋጋውም ለትልቅ ፋብሪካ እንጂ ለሌላ የማይቀመስ ነበር። ዛሬ ግን ግርብል የተባለው ነጻ ፕሮግራም በእጅ መዳፍ በምትያዝ የአርዱይኖ ሰሌዳ ላይ ይሠራል፤ ሊነክስሲኤንሲ የተባለውም በተራ ኮምፒዩተር ላይ በነጻ ይጫናል። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ለሚል ጠያቂ፥ ለፕላዝማ ሥራ ሁለተኛውን እንመርጣለን። ግርብል የቶርቹን ከፍታ በራሱ የሚቆጣጠርበት ክፍል የለውምና፤ የከፍታው ነገር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ደግሞ ወደ ኋላ ይታያል።

የጠረጴዛው አሠራር ብዙ የሚያነጋግር አይደለም። ከቱቦላሬ የተበየደ እግርና ማቀፊያ፥ በግራና በቀኝ ሁለት ሐዲድ፥ በሐዲዶቹ ላይ በኩሽኔታ የሚመላለስ ድልድይ፥ በድልድዩ ላይ ቶርቹን ወደ ጎንና ወደ ላይ ወደ ታች የሚያንቀሳቅስ ሠረገላ፥ እነዚህንም የሚያሽከረክሩ ስቴፐር ሞተሮች ናቸው። ሆኖም ሁለት ነገሮችን ሳንጠቅስ ብናልፍ አንባቢውን መበደል ይሆናል።

የመጀመሪያው፥ ላሜራው የሚያርፍበት አልጋና ድልድዩ የሚሄድበት ሐዲድ በአንድነት መበየድ የለባቸውም። ላሜራ ሲጣል አልጋው ይመታል፤ ሲቆረጥ ይሞቃል። ሐዲዱ ከእርሱ ጋር ከተበየደ አብሮ ይጣመማል። ስለዚህ ሐዲዱን በብሎን ማሰር፥ በሥሩም ቀጫጭን ላሜራ እያስገቡ በውሃ ልክና በተወጠረ የናይለን ክር ቀጥታውን መጠበቅ ያስፈልጋል። ብየዳ ሲበርድ ቱቦላሬውን እንደሚስበው ማንም የበር ሠራተኛ ያውቃል፤ ያንኑ እውቀት እዚህ መርሳት ግን ቀላል ነው። ላሜራውን ከሥር የሚደግፉትም ቋሚ ጠፍጣፋ ብረቶች ከላሜራው ጋር አብረው እየተበሉ ስለሚሄዱ በቀላሉ ተነቅለው የሚለወጡ መሆን አለባቸው።

ሁለተኛው የአየሩ ጉዳይ ነው፤ ይህም በተለይ እኛን ደገኞችን ይመለከታል። በ45 አምፔር ደረጃ የሚሠራ የተለመደ የፕላዝማ መሣሪያ በደቂቃ ወደ 190 ሊትር አየር ይፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ስለ ሆነች፥ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ኮምፕሬሰሩ የሚጠባው ሊትር ባይጎድልም በያንዳንዱ ሊትር ውስጥ ያለው አየር ይሳሳል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ 190 ሊትር የሚበቃው ሥራ እዚህ ወደ 250 ሊትር የሚሰጥ ኮምፕሬሰር ይጠይቃል። ከዚህም በላይ በኮምፕሬሰሩ ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚጠባው እንጂ የሚሰጠው አለመሆኑን ገዢው ሊያስተውል ይገባል። አየሩ ባነሰ ጊዜ ቅስቱ ይዋልላል፤ ኖዝሉም ቶሎ ይበላል። በክረምት ወራት ደግሞ ከአየሩ ጋር የሚመጣው ውሃ ከዚህ የባሰ ጠላት ስለ ሆነ፥ የውሃ ማጣሪያ ሳይደረግበት ቶርቹን ማገናኘት በገዛ እጅ ገንዘብ ማቃጠል ነው።

የኤሌክትሪኩንም ነገር በአጭሩ እንጠቁም። ርካሽ ከሆኑት የፕላዝማ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ቅስቱን የሚያስነሡት በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ብልጭታ ነው። ያ ብልጭታ በሽቦዎቹ ውስጥ ገብቶ ኮምፒዩተሩን ያደናግራል፤ ሞተሩ ሳይታዘዝ ይንቀሳቀሳል ወይም መሣሪያው በሥራ መካከል ቀጥ ይላል። ኤሌክትሮዱና ኖዝሉ ተነካክተው ቆይተው በአየሩ ግፊት ሲለያዩ ቅስቱ የሚነሣበት ዓይነት ግን ይህን ጣጣ በእጅጉ ያቃልላል፤ የዋጋውን ልዩነት ተሸክሞ ይህንኛውን መግዛት ይሻላል። ለጠረጴዛው የራሱን የመሬት ዘንግ መቅበር፥ የሞተሩንና የቶርቹን ሽቦ ማራራቅ፥ የምልክት ሽቦውንም መከለያ ባለው ገመድ ማድረግ አስፈላጊ ነው። የቅስቱ ቮልቴጅ ሰውን ሊገድል የሚችል ስለ ሆነ፥ ለከፍታ መቆጣጠሪያ የሚወሰደው ምልክት ቮልቴጁን በሚያካፍልና በሚለይ መሣሪያ በኩል እንጂ በቀጥታ ሊወሰድ አይገባም። ይህን የሚሠራው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን፥ ወደ ልኩ እንመለስ።

ኮምፒዩተሩ ስለ ሚሊሜትር የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሚያውቀው ሞተሩን ስንት እርምጃ እንደሚያራምድ ብቻ ነው። አንድ ሚሊሜትር ለመሄድ ስንት እርምጃ እንደሚያስፈልግ የሚነግረው ሠሪው ነው። የእኛን ጠረጴዛ ለምሳሌ ብንወስድ፥ ሞተሩ በአንድ ዙር 200 እርምጃ አለው፤ የሞተሩ አንቀሳቃሽ ሰሌዳ እያንዳንዱን እርምጃ በ10 ይከፍለዋል፤ በመካከል ያለው ቺንጋ ደግሞ ሞተሩ ሦስት ጊዜ ሲዞር ትንሹን ጥርስ አንድ ጊዜ ያዞረዋል። ይህ ሲባዛ ለአንድ የጥርሱ ዙር 6,000 እርምጃ ይሆናል። ጥርሱ ሞጁል 1 የሆነ ባለ 20 ጥርስ ስለ ሆነ በአንድ ዙር 62.83 ሚሊሜትር ይራመዳል። 6,000 ለ62.83 ሲካፈል 95.49 ይወጣል፤ ለአንድ ሚሊሜትር የሚበቃው እርምጃ ይህ ነው።

ይህ የወረቀት ሒሳብ ነው። ጥርሱና ጥርስ ያለው ዘንግ እንደ ተጻፈላቸው ካልሆኑ ወይም በመካከላቸው ያለው አገጣጠም ከላላ ውጤቱ ይለያል። ስለዚህ ቅስት ሳይነሣ፥ በቶርቹ ቦታ ሹል የብረት መጫሪያ ታስሮ፥ ቀለም በተቀባ ላሜራ ላይ ምልክት በማድረግ ልኩ ይፈተናል። 1,000 ሚሊሜትር እንዲሄድ ታዝዞ 997 ከሄደ፥ 95.49 በ1,000 ተባዝቶ ለ997 ይካፈላል፤ አዲሱ ቁጥር 95.78 ይሆናል። በሜትር ንባብ ግማሽ ሚሊሜትር መሳሳት የሰው ልማድ ስለ ሆነ ረጅሙን ርቀት መለካት ይመረጣል፤ በ2,000 ሚሊሜትር ላይ የሚደረግ ግማሽ ሚሊሜትር ስሕተት በ100 ላይ ከሚደረገው ሃያ እጅ ያነሰ ጉዳት አለው። ወደ ሁለቱም ምልክት ከአንድ አቅጣጫ መምጣት፥ በሥራ ቤቱም ውስጥ ለሁሉ ነገር አንድ ሜትር ብቻ መጠቀም ይገባል። የሁለት ርካሽ ሜትሮች አለመስማማት የሚያስገርም ነው፤ ማቀፊያው በአንዱ፥ ላሜራው በሌላው ከተለካ ጠብ ይነሣል።

የእኛ ጥፋት የደረሰው በዚህ ላይ ነው። በመጫሪያ መለካቱን ዘለልነውና፥ ጊዜ ለማትረፍ ብለን ወዲያው በቅስት 100 ሚሊሜትር በ100 ሚሊሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቆረጥን። ሲለካ 98.5 ሆኖ ተገኘ። «እርምጃው አንሷል» አልንና፥ ቁጥሩን በ100 አባዝተን ለ98.5 አካፈልነው። ሁለተኛው አራት ማዕዘን ልክ 100 ሆኖ ሲወጣ እጅግ ደስ አለን። ነገር ግን እርምጃው ከመጀመሪያውም ትክክል ነበር። የጎደለው አንድ ሚሊሜትር ተኩል ቅስቱ በማለፊያው ላይ አቅልጦ የወሰደው የስንጥቁ ስፋት ነው፤ በየጎኑ 0.75 ሚሊሜትር ስለሚወስድ ከሁለት ጎን አንድ ተኩል ይሆናል። እኛ ይህንን በእርምጃው ላይ ስለ ጨመርነው ጠረጴዛው በየ100 ሚሊሜትሩ አንድ ሚሊሜትር ተኩል የሚረዝም ሆነ። በትንሽ ዕቃ ላይ ስሕተቱ በስንጥቁ ተሸፍኖ ትክክል ይመስላል፤ በ1,700 ሚሊሜትር ላይ ግን 26 ሚሊሜትር ሆኖ ይገለጣል።

ይህን የሚለይ መንገድ አለ፤ ላሜራው ከመበላሸቱ በፊት ባወቅነው ኖሮ ስንል ጸጽቶናል። ሁለት አራት ማዕዘኖች፥ አንዱ 50፥ ሌላው 500 ሚሊሜትር ሆነው ይቆረጡ። የስንጥቁ ስፋት ዕቃው ትልቅም ይሁን ትንሽ አንድ ዓይነት ነው፤ የእርምጃ ስሕተት ግን ከዕቃው ጋር ያድጋል። ትልቁ 498.5 ሆኖ ሲወጣ ትንሹ 48.5 ከሆነ ጥፋቱ የስንጥቁ ነው፤ ትንሹ 49.85 ከሆነ ግን የእርምጃው ነው። ትልቁ ዕቃ በሁለቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ልክ ስላለው እርሱ ብቻውን ምንም አይናገርም። ስንጥቁ በእርምጃ አይታረምም፤ ንድፉን ወደ ትእዛዝ በሚለውጠው ፕሮግራም ውስጥ ስፋቱ ተጽፎ፥ ቶርቹ በውጪ ጠርዝ ሲሄድ ወደ ውጪ፥ በቀዳዳ ሲሄድ ወደ ውስጥ በግማሹ እንዲርቅ ይደረጋል።

እርምጃው ከታረመ በኋላ ድልድዩ ከሐዲዱ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን መሥራቱ ይመረመራል። የብረት ሠራተኛ ስኳድራ ለዚህ ያጥራል። በመጫሪያው 1,200 በ900 ሚሊሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ይሠመርና ሁለቱ ሰያፍ ይለካሉ፤ ሁለቱም 1,500 መሆን አለባቸው። አንዱ 1,501.5 ሌላው 1,498.5 ቢሆኑ፥ ይኸውም በ3 ሚሊሜትር ቢለያዩ፥ በ1,200 ስፋት ላይ የድልድዩ አንድ ጫፍ ከሌላው 2.5 ሚሊሜትር ቀድሟል ማለት ነው። ድልድዩ በግራና በቀኝ የየራሱ ሞተር ካለው በአንደኛው በኩል ያለውን የመነሻ ማስቆሚያ በዚሁ መጠን ማንቀሳቀስ ይበቃል። መብራት በጠፋ ቁጥር ሁለቱ ሞተሮች የየራሳቸውን ቦታ ስለሚረሱ፥ ሥራ እንደገና ሲጀመር ድልድዩ ወደ መነሻው ሄዶ ከሁለቱም ማስቆሚያ ጋር ሳይገናኝ መቁረጥ አይገባም። በመካከሉ የመብራት መቋረጥ የደረሰበት ሥራ ከተቋረጠበት ቦታ በግምት ቢቀጠል የሚያደርሰውን ጥፋት መዘርዘር አያስፈልግም።

የቀረው የከፍታው ነገር ነው። በ45 አምፔር ቀጭን ብረት ሲቆረጥ ቶርቹ ከላሜራው 1.5 ሚሊሜትር ያህል፥ ብረቱን መጀመሪያ ሲበሳ ደግሞ ወደ 3.8 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ መቆም አለበት። ከፍ ሳይል ቢበሳ የሚረጨው ቅላጭ ወደ ኖዝሉ ተመልሶ ይዘጋዋል። ላሜራ ደግሞ ጸጥ ብሎ አይተኛም፤ ሲሞቅ ያብጣል፤ ቀጭኑ በተለይ አንድ ጣት ያህል ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ቶርቹ ከፍታውን እየለካ መሄድ አለበት፤ የሚለካውም በቅስቱ ቮልቴጅ ነው። ቅስቱ ሲረዝም ቮልቴጁ ይጨምራል፤ ሲያጥር ይቀንሳል። በጠቅላላ ግምት አንድ ቮልት የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ነው። አምስት ቮልት መሳሳት ግማሽ ሚሊሜትር ማለት ነው፤ ይህም ከ1.5 ሚሊሜትር ሲሶው ነው።

ብዙዎች በመሣሪያው መመሪያ ላይ የተጻፈውን ቮልት ያስገቡና ጉዳዩን ዘግተው ይተዉታል። መመሪያው የተጻፈው ለአዲስ ኤሌክትሮድና ለታወቀ ግፊት ስለ ሆነ በእኛ ሥራ ቤት ላይስማማ ይችላል። የሚሻለው እንዲህ ነው። የራስ ሰር ቁጥጥሩ ይዘጋል፤ ቶርቹ 1.5 ሚሊሜትር በሆነ ቁራጭ ላሜራ ተለክቶ ይቆማል፤ ቀጥ ባለና ባልተጣመመ ወፍራም ብረት ላይ አንድ ረጅም መሥመር ይቆረጥና መቆጣጠሪያው የሚያሳየው ቮልት ይመዘገባል። ለዚያ ሥራ ቤትና ለዚያ ቶርች ትክክለኛው ቁጥር ይህ ነው። ኤሌክትሮዱ እየተበላ ሲሄድ ቅስቱ ከውስጥ በኩል ይረዝማልና ቮልቴጁ በራሱ ይጨምራል፤ መቆጣጠሪያው ይህን «ቶርቹ ከፍ አለ» ብሎ ተርጉሞ ወደ ታች ያወርደዋል፤ ቶርቹ ላሜራውን መንካት ሲጀምር ሠራተኛው ሞተሩን ይወቅሳል። ማየት ያለበት ግን ኤሌክትሮዱን ነው። እንዲሁም በየማዕዘኑ ድልድዩ ለመታጠፍ ፍጥነቱን ሲቀንስ ስንጥቁ ይሰፋና ቮልቴጁ ከፍ ይላል፤ ቶርቹም ይጠልቃል። ስለዚህ በማዕዘን ላይ የከፍታው ቁጥጥር ለጊዜው እንዲቆለፍ ማዘዝ ያስፈልጋል።

ፍጥነቱን የሚመረምረው ዓይን ነው። በአንድ ቁራጭ ላይ ፍጥነቱ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ ስድስት ወይም ስምንት መሥመሮች ይቆረጡና ይገለበጣሉ። ቶርቹ በጣም ከዘገየ በሥሩ ወፍራምና እንደ ፍርፋሪ የሆነ ዝቃጭ ይንጠለጠላል፤ ይህ በመዶሻ ጫፍ ሲነካ ይረግፋል። በጣም ከፈጠነ ደግሞ ዝቃጩ እንደ ክር ቀጭን ሆኖ ከብረቱ ጋር ይጣበቃል፤ በግራይንደር ካልሆነ አይለቅም። ትክክለኛው ፍጥነት በሁለቱ መካከል ዝቃጭ በማይገኝበት ቦታ ነው። የሚቆርጠውን የሠራተኛ ጉልበት የሚበላው መቁረጡ ሳይሆን ማጽዳቱ ስለ ሆነ፥ በዚህ ላይ ግማሽ ቀን ማዋል አይቆጭም።

የቅስቱ አየር በኖዝሉ ውስጥ እየተሽከረከረ ስለሚወጣ፥ በተለመደው ዓይነት ቶርች ከጉዞው በስተቀኝ ያለው ጠርዝ ቀጥ ብሎ፥ በስተግራ ያለው አዘንብሎ ይቆረጣል። ቀጥ ያለው ጠርዝ በዕቃው ላይ እንዲቀር ከተፈለገ ውጪው በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ፥ ቀዳዳው በተቃራኒው ይዞራል። የብሎን ቀዳዳ ደግሞ ስፋቱ ከላሜራው ውፍረት እንዳያንስ፥ ፍጥነቱም ወደ 60 በመቶ ተቀንሶ እንዲቆረጥ ልማድ ሆኗል፤ አለዚያ ቀዳዳው ከላይ ክብ፥ ከሥር እንቁላል ይሆናል።

ስለ ጤና አንድ ቃል ሳንል አናልፍም። ዚንክ የተቀባ ላሜራ ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለትን ያመጣል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይቆረጥ። ከአልጋው ሥር ውሃ ያለበት ገንዳ ማድረግ ጭሱንና ብናኙን በብዙ ይቀንሳል፤ ነገር ግን በውሃ ላይ አሉሚኒየም ሲቆረጥ ሃይድሮጅን እየተጠራቀመ ሊፈነዳ ስለሚችል ይህን ማድረግ አይገባም። የቅስቱን ብርሃን ያለ ጥቁር መነጽር መመልከት ከብየዳ ያነሰ ጉዳት የለውም፤ ልጆች ከደጅ ቆመው የሚያዩ ከሆነ መጋረጃ ይደረግ።

ይህ ሁሉ ልፋት ከንግዱ አንጻር ምን ያህል ይከፍላል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር ከዶላር ጋር ያለው ዋጋ በእጅጉ ስለ ወረደ፥ ከውጭ የሚመጣው ላሜራ፥ ኖዝልና ሞተር ሁሉ በብር ሲታሰብ ተወድዷል። በዚህ ጊዜ ጠረጴዛውን በገዛ እጅ መሥራት ብዙ ገንዘብ ማትረፉ እውነት ነው። ነገር ግን ያው ምክንያት የተበላሸውንም ላሜራ አስወድዶታል። እኛ ከጠረጴዛው ሥራ ካተረፍነው ገንዘብ ብዙውን ስድስቱ ላሜራዎች በአንድ ቀን መልሰው ወሰዱት። መሣሪያውን ለማቆም ሦስት ሳምንት መድበን፥ ለልኩ ግን ግማሽ ቀን እንኳ አልመደብንም ነበር። ዛሬ አንድ ሰው ምክር ቢጠይቀን ከሚያወጣው ገንዘብ ላይ የሁለት ላሜራ ዋጋ ለመፈተኛ ብቻ እንዲያስቀምጥ፥ ከጊዜውም አንድ ሙሉ ሳምንት ያለ ደንበኛ እንዲቆይ እንነግረዋለን። ቀብድ ከተቀበሉ በኋላ መለካት አይቻልም፤ ሰው ይቸኩላል።

እርምጃውን ወደ ትክክለኛው ቁጥር መልሰን፥ የስንጥቁንም ስፋት በፕሮግራሙ ውስጥ ጽፈን፥ ሰያፉን ለክተን ሌሎች ስድስት ላሜራዎች ገዛን። የመጀመሪያውን ብቻ ቆርጠን ማቀፊያው ላይ አስጠጋነው፤ ብሎኖቹ ሁሉ ገቡ። ከዚያ አምስቱን ቆረጥን። በሩ ከቀጠሮው አሥራ አንድ ቀን ዘግይቶ ተሰቀለ፤ ደንበኛው ስለ መዘግየቱ ከቀሪው ሒሳብ ቅናሽ ጠይቆ አገኘ፤ መብቱ ነበር። አሁን በየሰኞው ጧት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሰያፎቹ በመጫሪያ ተለክተው፥ የቅስቱ ቮልትና ኤሌክትሮዱ የተለወጠበት ቀን በአንድ ደብተር ይጻፋሉ። የተበላሹት ስድስት ላሜራዎችም አልተጣሉም፤ የኮምፕሬሰሩን መጠለያ ግድግዳ ሆነው ቆመዋል፥ ሐረጉ ነፋስ ስለሚያስገባ ለኮምፕሬሰሩ ማቀዝቀዣ ሆኖታል።